የዓይን ቫይታሚን ክኒን፤ ጥቅሙና ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት

በአዲስ አበባ ከተማ በብዙ ቤት ውስጥ፣ በቡፌው ላይ ወይም በአልጋው ራስጌ፣ ከውጭ አገር የተላከ የክኒን ጠርሙስ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። ጠርሙሱን የላከው በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ልጅ ነው፤ ክኒኑን የሚውጡት ደግሞ ዓይናቸው የደከመ አባት ወይም እናት ናቸው። በጠርሙሱ ላይ የዓይን ሥዕል አለበት፤ ጽሑፉም ክኒኑ ለዓይን ጤና የሚረዳ መሆኑን ይናገራል። ልጅ ለወላጁ የሚልከው ነገር ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ስጦታውን የሚጠራጠረው ሰው የለም።

እኛም ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን ከነዚህ ጠርሙሶች አንዱ ነው። በሰፈራችን የሚኖሩ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ዓይናቸው እየደከመ በሄደ ጊዜ ልጃቸው የላከላቸውን ክኒን ጧትና ማታ ሳያቋርጡ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ዋጡ። ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ሲነገራቸው «መድኀኒቱን ይዣለሁ፤ ደግሞስ ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ሲመረመሩ ሕመማቸው ግላኮማ ሆኖ ተገኘ፤ የግራ ዓይናቸውም ብርሃን ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ክኒኑ ለዚህ በሽታ የተሠራ አልነበረም። የጠርሙሱን ጽሑፍ ቀረብ ብለን ስናነብ ደግሞ፣ ሲጋራ ለሚያጨስ ወይም ቀድሞ ላጨሰ ሰው የማይመከር ንጥረ ነገር በውስጡ እንዳለበት ተመለከትን። እኚህ አባት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያህል አጭሰው የተዉ ሰው ናቸው።

እንግዲህ «ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ክኒኑ ለየትኛው በሽታ እንደ ተሠራ፣ በውስጡ ያሉት ነገሮች እያንዳንዳቸው ምን ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ፣ እንዲሁም አንድ ሰው ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባው መግለጽ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ሀ/ ክኒኑ ለየትኛው በሽታ ተሠራ?

በዓይን ውስጥ በስተኋላ በኩል ሬቲና የሚባል ብርሃንን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። በሬቲናው መካከል ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ ትገኛለች። ፊደል የምናነበው፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር የምናስገባው፣ የሰውንም መልክ የምንለየው በርስዋ ነው። ዕድሜ ሲገፋ በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ይህች ቦታ ትደክማለች። በዚህ ጊዜ ሰውዬው በዳር በዳር ያለውን ነገር እያየ፣ ፊት ለፊት የሚመለከተው ግን ይደበዝዝበታል። ይህ በሽታ በአሜሪካና በአውሮፓ በሽማግሌዎች ዘንድ ለዓይነ ስውርነት ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ይህን በሽታ በቫይታሚንና በማዕድን ለመግታት ይቻል እንደ ሆነ ለመመርመር «አሬድስ» በሚል አኅጽሮት የሚታወቀውን ትልቅ ጥናት አደረገ። ከ1992 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሚደርስ 4,757 ሰዎች ተመዘገቡ። ለገሚሶቹ እውነተኛው ክኒን፣ ለሌሎቹ ደግሞ መድኀኒትነት የሌለው አምሳያው ተሰጠ። ክኒኑ በቀን 500 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ፣ 400 ዓለም አቀፍ መለኪያ ቫይታሚን ኢ፣ 15 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን፣ 80 ሚሊግራም ዚንክና 2 ሚሊግራም መዳብ የያዘ ነበር።

ውጤቱ በ2001 ታተመ። በሽታው ወደ መካከለኛ ደረጃ በደረሰባቸው ወይም በአንድ ዓይናቸው በጸናባቸው ሰዎች ዘንድ፣ ክኒኑ ሕመሙ ወደ ከባድ ደረጃ የመሸጋገሩን አደጋ ከመቶ 25 እጅ ያህል ቀነሰ። ይህ የሚናቅ ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገቡን ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ማኩላቸው ጤነኛ ለሆነ ወይም በሽታው ገና ለጀመራቸው ሰዎች ክኒኑ ጥቅም አላሳየም። ሁለተኛ፣ የዓይን ሞራ እንዳይመጣ ወይም እንዳይብስ አላደረገም። ሦስተኛ፣ ክኒኑ የበሽታውን ጉዞ ያዘገያል እንጂ የጠፋውን ብርሃን አይመልስም።

ሌላው የሚያስገርመው ነገር መጠኑ ነው። አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ በቀን የሚያስፈልገው ዚንክ 11 ሚሊግራም፣ ሴት ደግሞ 8 ሚሊግራም ያህል ነው። በአሜሪካ ለአዋቂዎች ሁሉ የተወሰነው የዕለት ጣራ 40 ሚሊግራም ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክኒን የያዘው የዚህን ጣራ እጥፍ ነው። የቫይታሚን ኢውም ብዛት ከዕለቱ ፍላጎት አሥር እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ክኒኑ በስሙ የምግብ ማሟያ ይባል እንጂ መጠኑ የመድኀኒት መጠን ነው። የመድኀኒት መጠን ያለው ነገር ደግሞ እንደ መድኀኒት ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል። አባቶች «ሲበዛ ማርም ይመራል» ያሉት በዚህም ላይ ይሠራል።

ለ/ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት

1ኛ/ ቤታ ካሮቲን። ይህ ለካሮት፣ ለዱባና ለማንጎ ቀለማቸውን ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ነው፤ ሰውነታችንም ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ብዙ አትክልትና ፍራፍሬ የሚበሉ ሰዎች በሳንባ ነቀርሳ የሚያዙት ከሌሎች ባነሰ መጠን መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ሊቃውንት ምክንያቱ ቤታ ካሮቲን ይሆናል ብለው ገመቱ። ግምታቸውንም ለመፈተን በፊንላንድ አገር ሲጋራ ለሚያጨሱ 29,133 ወንዶች ጥናት ተዘጋጀ። በ1994 ውጤቱ ሲገለጽ የተገኘው ከተጠበቀው ተቃራኒ ነበር። በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት አጫሾች ካልወሰዱት ይልቅ ከመቶ 18 እጅ በበለጠ በሳንባ ነቀርሳ ተያዙ። በአሜሪካ ደግሞ አጫሾች፣ ቀድሞ ያጨሱና በአስቤስቶስ ሥራ ላይ የነበሩ 18,314 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ነበር። ለነዚህ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ በአንድነት ይሰጣቸው ነበር። በክኒኑ ወሳጆች ዘንድ የሳንባ ነቀርሳ ከመቶ 28 እጅ፣ ሞትም ከመቶ 17 እጅ በልጦ ስለ ተገኘ፣ ጥናቱ በ1996 ጊዜው ሳይደርስ እንዲቆም ተደረገ።

በአትክልት ውስጥ ሲሆን የማይጎዳው ነገር በክኒን ሲሆን ለምን ይጎዳል? ተመራማሪዎች ካቀረቧቸው ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል፤ ብዛት ያለው ቤታ ካሮቲን የሲጋራ ጢስ በለመደው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ይፈራርስና ከፍርስራሹ የሚወጡት ነገሮች ሴሎችን ይጎዳሉ።

ከዚህም የተነሣ የአሜሪካው ኢንስቲትዩት በ2006 ሁለተኛ ጥናት ጀመረ። በዚህም 4,203 ሰዎች ተሳተፉ። በቤታ ካሮቲኑ ፈንታ በማኩላ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙት ሉቲን 10 ሚሊግራምና ዜአዛንቲን 2 ሚሊግራም ተሞከሩ። ገና ከመጀመሪያው ሲጋራ ለሚያጨሱት ቤታ ካሮቲን እንዳይሰጥ ተደርጎ ነበር። ሆኖም በ2013 ውጤቱ ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት መካከል ከመቶ 2 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶ አንድ የማይሞሉት በሳንባ ነቀርሳ ተይዘው ተገኙ። ከተያዙትም አብዛኞቹ ቀድሞ ያጨሱ የነበሩ ናቸው። በ2022 የታተመው የዐሥር ዓመት ክትትልም ይህንኑ አጸና፤ በሉቲን በኩል ግን እንዲህ ያለ አደጋ አልታየም። ስለ ሆነም አዲሱ ክኒን ያለ ቤታ ካሮቲን እንዲሠራ ተወሰነ። የቀድሞው ቅንብር ግን ከገበያ ጨርሶ አልጠፋም። በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት እንደ መድኀኒት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ የዓይን ሥዕል ያለባቸው ጠርሙሶች ሁሉም አንድ ዓይነት ያልሆኑት ስለዚህ ነው። በጀርባው ያለውን ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል።

ቤታ ካሮቲን ከዚህ ሌላ የእጅን መዳፍና የእግርን ውስጥ ብጫ ያደርጋል። ይህ ክኒኑ ሲተው የሚለቅ ስለ ሆነ አያሰጋም፤ የዓይን ነጩ ብጫ ከሆነ ግን የጉበት በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

2ኛ/ ዚንክ። በባዶ ሆድ የተዋጠ እንደ ሆነ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል። ስለዚህ ከምግብ ጋር መውሰድ ይሻላል። በመጀመሪያው ጥናት ዚንክ ከወሰዱት መካከል ከመቶ 7.5፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶ 4.9 የሚሆኑት በሽንትና በብልት አካላት ሕመም ሐኪም ቤት ገብተዋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን፣ ብዙ ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ መዳብ ወደ ደም እንዳይገባ መከልከሉ ነው። መዳብ ያነሰው ሰው ደም ያንሰዋል፤ ሲብስበትም ኅብለ ሠረሰሩ ይጎዳና እግሩ ይደነዝዛል፣ አረማመዱም ይዛባል። በክኒኑ ውስጥ መዳብ የተጨመረው ይህን ለመከላከል ነው። ዚንክ ብቻውን ገዝቶ በዚህ መጠን መዋጥ ስለዚህ አደገኛ ነው። ዚንክ እንደ ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉትን መድኀኒቶች በሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገቡ ስለሚያደርግ፣ ሁለቱን በአንድ ሰዓት መውሰድ አይገባም።

3ኛ/ ቫይታሚን ኢ። ይህ ቫይታሚን በብዛት ሲወሰድ የደምን መርጋት ያዳክማል። በልብ ሕመም ወይም በደም መርጋት ምክንያት ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቢጨምርበት፣ የድድ መድማት፣ የነስር፣ አልፎም በውስጥ የሚፈስ ደም ሊያስከትልበት ይችላል። ደግሞ ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት በ2011 እንዳሳየው፣ በቀን 400 መለኪያ ቫይታሚን ኢ ብቻውን የወሰዱ ጤነኞች ወንዶች በፕሮስቴት ነቀርሳ የተያዙት ካልወሰዱት ከመቶ 17 እጅ በልጠው ነው። ይህም በዓይን ክኒኑ ውስጥ ያለው መጠን መሆኑ አይዘነጋ።

4ኛ/ ቫይታሚን ሲ። በዚህ መጠን ብዙውን ሰው አይጎዳም። ጨጓራው ስስ የሆነ ሰው ግን የሆድ መረበሽ ሊያገኘው ይችላል፤ የኩላሊት ጠጠር ለሚይዛቸው ወንዶችም ጠጠሩን የሚያበዛ መሆኑ ታይቷል።

5ኛ/ ሉቲንና ዜአዛንቲን። ከሁሉም የዋሆቹ እነዚህ ናቸው። በብዛት ሲወሰዱ ቆዳን ብጫ ከማድረግ በቀር እስካሁን ከባድ ጉዳታቸው አልታየም።

ሐ/ ቫይታሚን ኤን በሚመለከት መለየት የሚገባ ነገር

አንዳንድ የዓይን ክኒኖች በቤታ ካሮቲን ፈንታ ሬቲኖል የተባለውን የተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ ይይዛሉ። ሁለቱ በጠባያቸው የተለያዩ ናቸው። ቤታ ካሮቲንን ሰውነት እንደ ፍላጎቱ መጥኖ ይለውጠዋል፤ ሬቲኖል ግን በቀጥታ ይገባና በጉበት ውስጥ ይከማቻል። ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የቆዳ መድረቅ፣ የጠጉር መርገፍና የጉበት ጉዳት ያመጣል። ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚገባቸው ነፍሰ ጡሮች ናቸው። በርግዝና መጀመሪያ ወራት ከ10,000 መለኪያ በላይ ሬቲኖል በየቀኑ መውሰድ የጽንሱን አፈጣጠር ሊያበላሽ ይችላል።

ይህን ስንል ግን አንድ ስሕተት እንዳይመጣ እንሠጋለን። በአገራችን ከ6 እስከ 59 ወር ለሚደርሱ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሕፃን በመጀመሪያ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ሲመሽ እየተደናበረ ከዕቃው ጋር ይጋጫል። ካልታከመም የዓይኑ ብርሌ ቈስሎ ይጠፋል፤ ኩፍኝና ተቅማጥም በቀላሉ ይጥለዋል። ጠብታው ከተሰጠ በኋላ አንዳንዱ ሕፃን ያስታውከዋል ወይም ያነጫንጨዋል፤ የጨቅላው እርግብግቢትም ጥቂት ሊያብጥ ይችላል። ይህ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚያልፍ ነው። ሕፃኑ የሚቀበለው የጎደለውን ስለ ሆነና በወራት ልዩነት ስለሚሰጠው ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል። ያልጎደለበት ሽማግሌ በየቀኑ የሚውጠው ክኒን ግን ሌላ ነገር ነው። ጉድለትን መሙላትና በሞላ ላይ መጨመር አንድ አይደሉም።

መ/ በጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈው ጉዳት

እስካሁን የተናገርነው ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ስለሚያደርገው ጉዳት ነው። ለእኛ አገር ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳት አለ፤ ይኸውም የጊዜ መጥፋት ነው።

በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጥናት እንዳመለከተው፣ ከዓይነ ስውራን መካከል ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነው። ከመቶ 11.5 የሚሆኑት በትራኮማ ጠባሳ፣ ከመቶ 5.2 በግላኮማ፣ ከመቶ 4.8 ደግሞ በማኩላ በሽታ ነው። እንግዲህ ክኒኑ የተሠራለት በሽታ ከመቶ ዓይነ ስውራን የአምስቱ እንኳ አይሞላም። የቀሩት የሚድኑት በሌላ መንገድ ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ጥገና ይወጣል። በትራኮማ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ዓይንን ሳይፍቅ በቀዶ ጥገና ይቃናል። የግላኮማ ጉዳት በጠብታ ወይም በቀዶ ጥገና ባለበት እንዲቆም ይደረጋል።

ከነዚህ መካከል የዓይን ሞራ ትዕግሥት ያለው በሽታ ነው፤ ሰውዬው አንድ ዓመት ቢዘገይም ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ በቀዶ ጥገና ይመለሳል። ግላኮማ ግን አይጠብቅም። የዓይኑን ጅማት በዝምታ እየገዘገዘ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ የጠፋውም አይመለስም። ጎረቤታችን ክኒኑን ሲውጡ የቈዩበት አንድ ዓመት ከመንፈቅ በሌላ ገንዘብ የማይገዛ ጊዜ ነበር። እርሳቸውን የጎዳቸው በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም «መድኀኒቱን ይዣለሁ» የሚለው እምነት ነው።

ሠ/ ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚገኘው ትምህርት ክኒኑ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ሐኪም ማኩላውን አይቶ በሽታው መካከለኛ ደረጃ ደርሷል ላለው ሰው፣ ቤታ ካሮቲን የሌለበት ክኒን ሊጠቅመው ይችላል። ነገር ግን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው።

አንደኛ፣ በሽታው ምንድን ነው? ይህን የሚመልሰው ጠርሙሱ ሳይሆን የዓይን ምርመራ ነው። ሁለተኛ፣ ወሳጁ ማን ነው? ያጨሳል ወይስ አጭሶ ያውቃል? ነፍሰ ጡር ናት? የኩላሊት ጠጠር አለበት? ሦስተኛ፣ ሌላ ምን ይወስዳል? ደም ማቅጠኛ፣ ሌላ ቫይታሚን ወይም ዚንክ ያለበት ክኒን ካለ ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ጠርሙሱን ራሱን ይዞ መቅረብ ከሁሉ ይሻላል።

በማኩላ ውስጥ የሚገኘው ሉቲን ከየት ነው የሚመጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ መልሱ ከጓሮው አይርቅም። ጎመንና ቆስጣ በሉቲን የበለጸጉ ናቸው፤ የእንቁላል አስኳልም አለው። ጎመኑ በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲሠራ ሰውነት በቀላሉ ይቀበለዋል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ብቻ፣ በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኀኒቱን ስለሚያደክምበት፣ የሚበላውን መጠን በድንገት እንዳይጨምርና እንዳይቀንስ ይጠንቀቅ። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል የተነገረው ስለ ዓይን ባይሆንም ለዚህ ነገር ይስማማል።

በመጨረሻ በውጭ አገር ላሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። ለወላጅ ዓይን ማሰብ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ጠርሙሱ ከመላኩ በፊት ወላጁ እንዲመረመር የመጓጓዣውና የሐኪሙ ገንዘብ ቢቀድም፣ ስጦታው ትክክለኛውን በሽታ ያገኛል። ጎረቤታችን ዛሬ ጠብታቸውን በሰዓቱ እያደረጉ በቀኝ ዓይናቸው ያያሉ። ልጃቸውም አሁን የሚልክላቸው የጠብታውን መግዣ ነው።